የፈታሹ የጓዳ ኳስ

ፈታሹ ከበድ ያለ ነገር ሊናገር ሲነሣ አስቀድሞ ቀኑን፣ ቀጥሎም ሙሉ ስሙን ከነአያቱ የሚናገር ሰው ነበር። ይህን ልማድ ያመጣው ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በር ነው። እዚያ ከሥራ የሚወጣውን ሠራተኛ እየፈተሸ ዕድሜውን ፈጅቷል። በተያዘ ሰው ላይ ቃሉን ሲሰጥ ቀንና ስም ሳይጠራ የጀመረ እንደሆነ የአስተዳደሩ ጸሐፊ ከመጀመሪያው መልሶ ያስጀምረው ነበር። ጡረታ ወጥቶ ልጁ ቤት ሲገባ ልማዱም አብሮት ገባ። ልጁ ስለ ውኃ ቧንቧ ብትጠይቀው እንኳ ቀኑን ጠርቶ፣ ስሙን ጠርቶ፣ ቧንቧው እንደሚያንጠባጥብ ይመሰክርላታል።

«አባዬ፣ ስምህን እኮ አውቀዋለሁ» ትለዋለች።

«ብታውቂውም ይነገር» ይላታል።

ትምህርቱ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ያየውን አይረሳም፣ ያላየውን ግን አያምንም። እንቁላል ሲገዛ አንድ በአንድ ወደ ፀሐይ እያነሣ ይመለከታል። መንገድ ላይ አንድ ሰው «እንደምን አደሩ?» ያለው እንደሆነ ሰላምታውን ይመልስና፣ ሰውየው ይህን ለማወቅ ለምን እንደፈለገ እያሰላሰለ እስከ ቤቱ ይሄዳል። የሸሚዙ ኮሌታ እስከ ላይኛው ቁልፍ የተቆለፈ፣ ጫማው የተወለወለ፣ ንግግሩ ቁጥብ ነበር። ሳቁ ደግሞ ከንግግሩም የባሰ ቁጥብ ነበር።

እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰው በልጁ ቤት ጓዳ ውስጥ፣ በአሮጌ አንሶላ ሸፍኖ፣ የኳስ ጨዋታ ያለበት ኮምፒውተር ያስቀምጥ ነበር።

ኮምፒውተሩ የጥንት ነው። ሞኒተሩ ጀርባው እንደ ሣጥን ያበጠ፣ ሲፒዩው ሲነሣ እንደ ወፍጮ የሚያጓራ፣ ኪቦርዱም ነጭ የነበረው ቀለሙ ሻይ የፈሰሰበት የመሰለ ነበር። የፋብሪካው ቢሮ አዳዲስ ዕቃ ሲመጣለት ይህኛው ወደ በሩ፣ ወደ ፍተሻ ክፍሉ ተወረወረ። የሚገቡና የሚወጡ መኪናዎች ይመዘገቡበታል ተብሎ ነበር፤ ነገር ግን መዝጋቢ ሳይመደብ ቀረ። ፈታሹም ካፖርቱን ሲጥልበት ከረመ። አንድ ቀን ግን የፋብሪካው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ፍሎፒ ዲስክ በደረት ኪሱ ይዞ መጣ።

ይህን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሁሉም «ሽቦ» ነበር የሚለው። ቀጭን ነበር፤ ለአፍታም ቀጥ ብሎ መቆም አይሆንለትም ነበር።

«ና እስቲ፣ አንድ ነገር ላሳይህ» አለው።

«ይህን ከየት አመጣኸው?» አለ ፈታሹ ዲስኩን እያየ።

«ከሰማይ ወረደልኝ። ይልቅ ተቀመጥ።»

«በበሩ ስትገባ ለምን አላስመዘገብክም?»

«አንተ ሰው! ገና ኳሱ ሳይጀመር ቀይ ካርድ ልትሰጠኝ ነው?»

በጥቁሩ ስክሪን ላይ አረንጓዴ ሜዳ ተዘረጋ። ተጫዋቾቹ የክብሪት እንጨት ያክላሉ፤ ፊት የላቸውም፤ ሲሮጡ እግራቸው እንደ መቀስ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ኳሷ አራት ማዕዘን ነበረች። ዳኛው አይታይም፤ ፊሽካው ብቻ «ጢጥ» ይላል። ጎል ሲገባ ከማሽኑ ሆድ ውስጥ የሕዝብ ጩኸት ለመምሰል የሚሞክር «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ይወጣል፤ ያገቡትም ክብሪቶች እጃቸውን ወደ ላይ ያነሣሉ። ሁለቱ በአንድ ኪቦርድ ስለሚጫወቱ ፈታሹ በግራ፣ ሽቦ በቀኝ፣ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ይቀመጡ ነበር። ፈታሹ ከባዕድ ሰው ጋር ይህን ያህል ተጠጋግቶ የተቀመጠው ሌላ ጊዜ ቢኖር በአውቶቡስ ውስጥ ብቻ ነው፤ ያን ጊዜም ኪሱን በእጁ ይዞ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የምሳ ሰዓታቸው የኳስ ሆነ። ፈታሹ ማጥቃት አይሆንለትም ነበር። ሁሉንም ክብሪቶቹን ከጎሉ ፊት ይደረድርና የሽቦን ክብሪቶች አንድ በአንድ ያስቆማቸዋል።

«አንተ እኮ ኳሷንም ሳትፈትሽ አታሳልፍም!» እያለ ሽቦ ይስቅበታል። «በናትህ ይቺን አንዷን ልቀቃት፤ ምንም አልያዘችም።»

«ሁሉም እንዲሁ ይላል» ይላል ፈታሹ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ።

ሽቦ ኳስ የሚመታው በአውራ ጣቱ ጥፍር ነበር። ከመደብደቡ ብዛት የተነሣ መምቻው ቁልፍ ላይ የነበረው ፊደል ጠፍቶ፣ በቦታው የስንዴ ፍሬ የምታክል ጎድጓዳ ወጣች። አለቃ ሲመጣ ፈታሹ ካፖርቱን ሞኒተሩ ላይ ይጥልና ቀጥ ብሎ ይቆማል። አንድ ቀን ከካፖርቱ ሥር ፊሽካው «ጢጥ» ቢል፣ አለቃው «ምንድነው እሱ?» ብሎ ጠየቀ። «ፊውዝ ነው ጌታዬ፤ ልቀይረው ነው የመጣሁት» አለ ሽቦ። አለቃው ከወጣ በኋላ ፈታሹ ዕንባው እስኪመጣ ድረስ ሳቀ። ሲስቅ ራሱን በመስኮቱ መስተዋት አየና ወዲያው አቆመ።

ሽቦ ጡረታው ሳይደርስ በሳንባ ሕመም ዐረፈ። ከዚያ በኋላ ፋብሪካው አሮጌ ዕቃዎቹን ሲያስወግድ ኮምፒውተሩን የሚፈልገው ሰው ጠፋ። ፈታሹ ማኅተም ያለበት የመውጫ ወረቀት አስጽፎ፣ በራሱ በር ላይ ራሱን አስፈትሾ፣ ወደ ቤቱ ወሰደው።

«አባዬ፣ ይህ ደግሞ ምን ይሠራልሃል?» አለችው ልጁ።

ሽበታም ሰው ነው። ሰውን ሁሉ በሕግ ሲያስቆም የኖረ ነው። በክብሪት እንጨት ኳስ እጫወታለሁ ብሎ ለወለዳት ልጅ መናገር ሞት ሆነበት።

«የፋብሪካው የጥበቃ ሰነድ ያለበት ነው» አላት። «ማንም እንዳይነካው።»

ከምሳ በኋላ ልጁና ባሏ ሥራ ላይ ሲሆኑ ወደ ጓዳው ይገባል፤ በሩን ዘግቶ አንሶላውን ይገልጣል። ግራ እጁን ለራሱ ያስቀርና ቀኝ እጁን ለሽቦ ይሰጣል። ቀኝ እጁ የሚበረታው ስለሆነ ሽቦ ብዙ ጊዜ ያሸንፈዋል፤ እርሱም ይህን ያውቃል፤ እጁን ግን አይቀይርም። አውራ ጣቱ በዚያች ጎድጓዳ ላይ ስታርፍ የፍተሻ ክፍሉ የዘይትና የጥጥ ብናኝ ሽታ ይመጣበታል። እየቆየም አፉ ይፈታል። «ዛሬ አለቀልህ!» ይላል። ድምፁን ቀጠን አድርጎም «ምን አለቀልኝ፣ ገና ነው!» ብሎ ለራሱ ይመልሳል። ከዚያም ድንገት ያፍርና ወደ በሩ ዞሮ ያዳምጣል።

ነገሩ የተበላሸው ኪቦርዱ የጠፋ ዕለት ነው።

አንሶላውን ሲገልጥ ሞኒተሩ አለ፣ ሲፒዩው አለ፣ ኪቦርዱ የለም። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ወጥቶ «ኪቦርዴን ማን አነሣው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ፈታሹ ግን የበር ሰው ነው። በፋብሪካው አንድ የውኃ ፓምፕ ቁርጥራጭ ሆኖ ሲወጣ አይቷል፤ መጀመሪያ መዘውሩ፣ ከዚያ ቀበቶው፣ በመጨረሻም ሆዱ። እንዲህ ያለውን ሌባ ገና በመጀመሪያው ቁራጭ የያዘ ፈታሽ ዋናውን ያጣል። ዝም ማለት፣ መጠበቅ፣ ትልቁ ዕቃ ሲወጣ መያዝ ነው ሥራው። ስለዚህ ዝም አለ። ጥቂት ቆይቶ ሲፒዩውም ጠፋ። አሁንም ዝም አለ። በጓዳው በርና በመቃኑ መካከል ቀጭን ክር በምራቅ አጣብቆ ይጠብቅ ጀመር።

ክሩ የተበጠሰው በልብስ አጠባ ቀን ነው። ወደ ውስጥ ቢገባ ሞኒተሩም የለም።

አጣቢዋ በሳምንት አንድ ቀን እየመጣች በግቢው የምታጥብ፣ ሁለት ልጆች ያሏት ሴት ነበረች። በዚያው መንገድ ላይ የዳቦ ቤቷ እመቤትና ፋርማሲስቷም የሚያሳጥቡት በእርሷ ነው፤ ኑሮዋም ከእነዚህ ሦስት ቤቶች የሚገኝ ነበር። ሳሙናው የሚቀመጠው በጓዳው ውስጥ ስለሆነ ያን ቀን ገብታ ወጥታለች። ፈታሹ ሲያሰላው ሁሉም ነገር ገጠመ። ማን ይገባል? እርሷ። ጥቅል ይዞ የሚወጣውስ ማን ነው? እርሷ።

ሥራዋን ጨርሳ ጥቅሏን በጀርባዋ አዝላ ስትወጣ፣ ኮሌታውን አስተካክሎ የውጭው በር ላይ ቆሞ ጠበቃት።

«ጋሼ ደህና ይዋሉ፤ አንሶላዎቹ ገመዱ ላይ ናቸው፣ ዝናብ ከመጣ ያስገቧቸው» አለች።

«ቁሚ። ያዘልሽውን አውርጂ።»

«ምን አሉኝ?»

«አውርጂ ነው የምልሽ!» አለና ቀኑን ጠራ፣ ሙሉ ስሙንም ከነአያቱ ጠራ። ድምፁ እንደ ድሮው የበሩ ድምፅ ሆኖ መንገዱን ሞላው። በትይዩ ያለችው የዳቦ ቤቷ እመቤት ከመደርደሪያዋ ጀርባ ወጣች። ፋርማሲስቷም መንገድ ስትሻገር ቆመች። ለዳቦ የተሰለፈው ሰው ፊቱን አዞረ።

በፋብሪካው ሕግ ወንድ ፈታሽ የሴት ዕቃ አይከፍትም ነበር፤ ለሴት ሴት ፈታሽ ትጠራለች። ፈታሹ ይህን ሕግ በሥራ ዘመኑ ሁሉ አንድም ጊዜ አልጣሰም። አሁን ግን ተንበርክኮ ጥቅሉን በገዛ እጁ ፈታው።

ከውስጡ የወጣው ልብስ ነው። እርጥብ የልጅ ዩኒፎርም፣ ጉልበቱ የተጣፈ ሱሪ፣ ከዚያም በአሮጌ መጋረጃ ቁራጭ የተጠጋገነ የእርሷ የውስጥ ልብስ። አንድ በአንድ እያነሣ፣ እያራገፈ፣ መሬት ላይ አደረጋቸው። ጥቅሉ አለቀ። ሌላ ምንም አልነበረም። አጣቢዋ በሰፈሯ ውኃ ስለማይገኝ የቤተሰቧን ልብስ እዚሁ አጥባ እንድትወስድ ልጁ ፈቅዳላት ነበር።

በዚያች ቅጽበት ዝም ቢል ኖሮ ነገሩ ከዚያ ባላለፈ ነበር። ነገር ግን መንገዱ ሁሉ እያየው ባዶ እጁን መነሣት አቃተው።

«ዋናውን የት አደረስሽው?» ብሎ ጮኸ። «የፋብሪካ ሰነድ ያለበት ኮምፒውተር ነው! በቁርጥራጭ ነው ያወጣሽው!»

አጣቢዋ አፏን ከፈተች፤ የሆነ ነገር ልትናገር ነበር። ቀና ብላ አየችውና ግን መልሳ ዘጋችው። አቧራ የለበሰውን ልብስ እያነሣች ወደ ጥቅሏ መለሰች። ድካሟ ሁሉ ከንቱ ሆነ፤ ልብሱ እንደ ገና መታጠብ ነበረበት።

«ጋሼ፣ ጨረሱ?» አለችው በመጨረሻ።

ከበሩ ፈቀቅ አለ። እርሷም ሄደች።

ገና ሳይመሽ ታክሲ ከበሩ ላይ ቆመ። ነርስ የሆነው የልጁ ባል ሞኒተሩን ታቅፎ ወረደ፤ ልጁም ኪቦርዱን ይዛ፣ ሲፒዩውን ለባለታክሲው አሸክማ፣ ከኋላው እየሳቀች ገባች። ሁለቱም ቀኑን ሥራ ላይ ስለዋሉ የሆነውን አልሰሙም።

«አባባ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ!» አለ ነርሱ። «ኳስዎ ታክሞ መጣ።»

«የምን ኳስ?» አለ ፈታሹ።

«ኧረ አባዬ» አለች ልጁ፣ «ግድግዳው እኮ ስስ ነው። እኔ ቀድሜ ከሥራ በገባሁ ቁጥር ‹አለቀልህ› ስትል እሰማሃለሁ። ሰነድ ነው ስትል እሺ አልንህ። ቁልፎቹ መጣበቃቸውን ስናይ ግን ለልደቱ እናሠራለት አልን።»

«የኮምፒውተር ጠጋኙ መጀመሪያ ኪቦርዱን ብቻ አምጣ አለኝ» ብሎ ነርሱ በደስታ ቀጠለ፣ «ከዚያ ደግሞ ሲፒዩውን፣ ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ለፈረቃዬ ስወጣ ደግሞ ሞኒተሩን። ሳያዩኝ ለማውጣት የደረሰብኝን መከራ እኔ ነኝ የማውቀው! ከእርስዎ ዕቃ መስረቅ ቀላል አይደለም አባባ።»

ፈታሹ ወንበሩን ይዞ ተቀመጠ። ጆሮው ሥር እሳት የነደደ መሰለው።

ማሽኑን ሰካክተው አበሩለት። ሜዳው ተዘረጋ፤ ክብሪቶቹ ተሰለፉ። «ይጫወቱ እንጂ!» አሉት። ቀኝ አውራ ጣቱን በመምቻው ላይ አሳረፈ። ለስላሳ ነበር። ጎድጓዳዋ የለችም፤ አዲስ ቁልፍ ገብቶ ፊደሉ ጥቁር ሆኖ ያበራል።

«ያቺ የተበላችዋ ቁልፍስ?» ብሎ ጠየቀ።

«ጠጋኙ ጣላት። ምን ታደርጋለች?»

«እግዜር ይስጥልኝ» አላቸው። ፊቱንም ወደ ግድግዳው አዞረ። እነርሱም በደስታ መስሏቸው ተያዩ። እርሱ ግን የሽቦን ቁልፍ አላሰበም፤ ለማሰብም መብት እንደሌለው ተሰማው። ዓይኑ ላይ የነበረው በመንገዱ አቧራ ላይ የዘረጋው የሴት ልብስ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ልጁ ዳቦ ልትገዛ ወጥታ ባዶ እጇን ተመለሰች።

«አባዬ፣ ምን አደረግህ?» አለችው ከበሩ ሳትገባ። «መንገድ ላይ! በሰው ፊት! የውስጥ ልብሷን!»

ቀኑን ሊጠራ አፉን ከፈተ፤ አልወጣለትም።

«የዳቦ ቤቷ እመቤት አባርራታለች። ፋርማሲስቷም እንዳትመጣ ብላታለች። ሌባ ተብላለች፣ ገባህ? እኔ ሄጄ ልለምናት እችላለሁ። ጥቅሉን የፈታኸው ግን አንተ ነህ።»

ፈታሹ ነገሩ ይረሳል ብሎ ጥቂት ቀን ጠበቀ። አልተረሳም። አጣቢዋ የምትመጣበት ቀን ደርሶ ገመዱ ባዶውን ዋለ። በዚያን ዕለት ጫማውን ወልውሎ፣ ኮሌታውን ቆልፎ፣ ወደ ቤቷ ሄደ።

የምትኖረው ከአንድ ጋራዥ ጀርባ፣ ብዙ ተከራይ ባለበት ግቢ ውስጥ በአንዲት ክፍል ነበር። የግቢው ቧንቧ በቁልፍ ተቆልፏል። አጣቢዋ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ በልጇ ዩኒፎርም ላይ ቁልፍ ትተክል ነበር። ስታየው ተነሣች።

«ይግቡ ጋሼ» ብላ ዱካ አቀረበችለት።

አልተቀመጠም። ቀኑን ጠራ፣ ስሙንም ከነአያቱ ጠራ፤ ከዚያም በተሳሳተ ጥርጣሬ ንብረቷን መፈተሹን፣ ዕቃውም በጠጋኝ ቤት መገኘቱን፣ ስለዚህም ይቅርታ መጠየቁን አንድ በአንድ ተናገረ። ጎረቤቶች ከየበራቸው አንገታቸውን አወጡ።

እስኪጨርስ አዳመጠችው።

«እኔ እንዳልሰረቅሁ አውቃለሁ ጋሼ» አለች። «ለእኔ የነገሩኝ የማውቀውን ነው። ለማያውቁት ይንገሩልኝ።»

«ዕቃው ተገኘ ብዬ እነግራቸዋለሁ።»

«ምን ዕቃ ይሏቸዋል?»

ፈታሹ የኮሌታውን ቁልፍ ነካካ።

«እኔ የማጥበው በጓዳው መስኮት ሥር አይደለም እንዴ?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ። «‹ጎል!› ሲሉ ስንት ጊዜ ብቻዬን ሳቅሁ መሰልዎት። ያን ቀንም ‹ሰነድ› ብለው ሲጮሁ፣ ‹ኧረ የኳስ መጫወቻ ነው› ልል ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ሽማግሌ ሰው፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ቆሞ... አላስቻለኝም። ተውኩት።»

ፈታሹ ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። በሥራ ዘመኑ ሁሉ የሰው ብብት ሲፈትሽ ኖሯል፤ የእርሱን ገመና በአፏ ይዛ በበሩ ያለፈችውን ሴት ግን አላወቃትም ነበር። ዱካውን በሁለት እጁ አንሥቶ ወደ ግድግዳው አስጠጋና ወጣ።

መንገድ ላይ ግን አመሉ ተመልሶ መጣበት፤ በትንሽ ዋጋ ሊያመልጥ ፈለገ። ዳቦ ቤቱ ውስጥ ገብቶ፣ ሰልፉ እስኪያጥር ጠብቆ፣ እመቤቷን ወደ ጥግ ጠራት።

«ያ ኮምፒውተር ተገኝቷል» አላት። «ሴትዮዋ ንጹሕ ናት።»

«ተገኘ?» አለች እመቤቷ። «ያ የሰነዱ? ማን መለሰው?»

«ቤት ውስጥ ተገኘ።»

«እኮ! ፈርታ በጓሮ መልሳው ነዋ! ድሮም ይህን ያህል ሰነድ ምን ትሠራበታለች ብዬ ነበር። ጋሼ፣ እርስዎ የዋህ ነዎት።»

ፈታሹ የዋህ ሲባል በዕድሜው የመጀመሪያው ነው። ያዳናት መስሎት ይልቁን ጉድጓዷን እንዳጠለቀው ገባው። ሰነድ የሚባለው ነገር እስካለ ድረስ ሌባም መኖር አለበት። ዳቦ የሚጠብቁት ሰዎች እንደ ገና ተሰልፈዋል። ወደ ሰልፉ ዞረ።

ቀኑን ጠራ። ሙሉ ስሙን ከነአያቱ ጠራ። ሰልፉ ጸጥ አለ።

«ሰነድ የሚባል የለም» አለ። «ዋሽቻለሁ። ኮምፒውተሩ ኳስ የምጫወትበት ነው። የልጄ ባል ሊያሠራልኝ ወስዶት ነበር። ሴትዮዋ ምንም አላነሣችም።»

«ኳስ?» አለች እመቤቷ።

«ኳስ።»

«እርስዎ? ጋሼ ፈታሹ? ምን ዓይነት ኳስ?»

«በቁልፍ የሚመታ... ትንንሽ ሰዎች አሉ» አለና ጣቱን እንደ ክብሪት እንጨት አቆመ።

እመቤቷ መደርደሪያዋን ይዛ ትንፋሽ እስኪያጥራት ድረስ ሳቀች። «ና ስማ! ና ስማ እንጂ!» ብላ ባሏን ከምድጃው ጠራችው። እርሱም ዱቄት ለብሶ ወጣ፤ ሁሉም እንደ ገና ይነገረው ተባለ፤ ፈታሹም እንደ ገና ተናገረ። ሰልፉ ውስጥ የነበረ አንድ ሾፌር «ጋሼ፣ ለየትኛው ክለብ ነው የሚሰለፉት?» አለው። «በረኛ ነው ወይስ አጥቂ?» አለ ሌላው። «ፈታሽ በረኛ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል!» ተባለና ሳቁ እንደ ገና ተነሣ። ፈታሹ እጁን በጎኑ ዘርግቶ፣ ቀጥ ብሎ፣ ሳቁ እስኪያልቅ ቆመ። ፊቱ ቲማቲም መስሎ ነበር። አልወጣም።

«እንግዲህ ሴትዮዋ ትመለስ» አለ ጸጥ ሲል።

«ትምጣ፣ ትምጣ» አለች እመቤቷ ዕንባዋን እየጠረገች። «ምስኪን! እኔም እኮ ክፉ ቃል ተናግሬያታለሁ። ማክሰኞ ትምጣልኝ።»

«እነዚህ ሰዎች ሰምተዋል» አላት ሰልፉን እያመለከተ።

«ወይ ጉድ! በኔ ላይ ደግሞ ምስክር ይቆጥራል!»

ከዚያ ወደ ፋርማሲስቷ ሄደ። ዳቦ ቤት ውስጥ ያለፈውን ካለፈ በኋላ ይህኛው የሚቀል መስሎት ነበር። ፋርማሲስቷ ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች ከመስተዋቱ ጀርባ ቆማ ሰማችው። ቀኑን፣ ስሙን፣ ኳሱን፣ ውሸቱን፣ የሴትየዋን ንጽሕና፣ ሁሉንም ነገራት። ፈገግ እንኳ አላለችም። ይህ ከሳቁ ይልቅ አዋረደው።

«ገባኝ» አለችው። «መንገርዎ ጥሩ ነው። ለሰውም እነግራለሁ። እኔ ግን አሁን አጣቢ አያስፈልገኝም።»

«ለምን?»

«ማሽን ገዛሁ። ያን ቀን መንገድ ላይ ያየሁትን አይቼ ስገባ ነው ያዘዝኩት። ሰው ማመን ከሚያስቸግር ብዬ።»

ፈታሹ ትክ ብሎ አያት። ሴትዮዋን ላለመመለስ የፈጠረችው ሰበብ መሰለው። በበሩ ላይ እንዲህ ያለ ሰበብ ሲሰማ ነው የኖረው።

«እውነት ማሽን አለ?» አላት።

ፋርማሲስቷ ከመደርደሪያው ጎን ያለውን በር ገፋ አድርጋ ከፈተችለት።

«ይግቡ» አለችው። «ይፈትሹ።»

ከመድኃኒት ቤቱ ጀርባ ወዳለው መኖሪያዋ ገባ። እየገባ ሳለ ማሽኑ ባይኖር ብሎ ተመኘ። ባይኖር ኖሮ የሚከራከረው፣ የሚለምነው፣ ሰው የሚያማልደው ነገር ይኖር ነበር። የልብስ ማጠቢያው ማሽን ከመታጠቢያው ጎን ቆሟል፤ መክደኛው ላይ የተለጠፈው ላስቲክ ገና አልተላጠም። በዓይኑ ብቻ አላመነም። ከፈተውና እጁን አስገባ። በውስጡ አጣቢዋ ታጥባቸው የነበሩ ሁለት ነጭ ጋውኖች ነበሩ፤ እርጥብ ናቸው።